የለቅሶ ቤታችን ፎቶ የሽልማት ማመልከቻ ላይ ተያይዞ አገኘሁት

ጤና ይስጥልኝ የዓምዱ አዘጋጅ፣

የ21 ዓመት ልጅ ነኝ። አሜሪካ የመጣሁት በ12 ዓመቴ ሲሆን የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። አምና ሶሮሪቲ (የሴት ተማሪዎች ማኅበር) ገባሁ። እማዬ መጀመሪያ ላይ አልወደደችውም። "በሌሊት የሚማማሉ፣ ምስጢር የሚደብቁ ሰዎች ምን ያደርጉልሻል?" ትለኝ ነበር። አዲስ የሚገቡ ልጆች ተደብድበው ሞቱ የሚል ዜና ሰምታ እንቅልፍ አጥታ ከርማለች። "ተያት፣ ልጅቷ ጓደኛ ያስፈልጋታል" ብሎ ያስፈቀደልኝ አባዬ ነው።

ጥቅምት ላይ አባዬ በድንገት አረፈ። ከቻፕተራችን፣ ማለትም ከማኅበሩ የግቢያችን ቅርንጫፍ፣ 14 ልጆች ቤታችን መጡ። ማንም አልጠራቸውም። ጥቁር ለብሰው እስከ ሰልስት ድረስ ውሃ አቀረቡ፣ ሰሃን አጠቡ፣ ወንበር ተሸከሙ። አንዷ እማዬን ለቀብሩ ጉዳይ በመኪናዋ ስታዞራት ዋለች። አማርኛ የምትሰማ አንዲትም አልነበረችም፤ ግን እማዬ ስታለቅስ አብረዋት አለቀሱ። ከዚያ ወዲህ እማዬ "ልጆቼ" ነው የምትላቸው። የካቲት ላይ የሌላ አባላችን አያት ሲያርፉ ደግሞ ማን ምግብ እንደሚወስድላት፣ ማን ለአስተማሪዎቿ እንደሚጽፍ ወዲያው ተከፋፈልን።

አሁን ዩኒቨርሲቲያችን በየዓመቱ ለምርጥ ፍራተርኒቲዎች (የወንድ ተማሪዎች ማኅበራት) እና ሶሮሪቲዎች ለሚሰጠው ሽልማት ማመልከቻ ሊዘጋ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። አምና ለጥቂት አመለጠን። ዘንድሮ የቻፕተሩ ጸሐፊ ስለሆንኩ የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ባለፈው ሐሙስ ፕሬዚዳንታችን የራሷን ረቂቅ የጋራ ፎልደራችን ውስጥ አስገባች። ይህች ልጅ ስገባ ታላቅ እህት ሆና የተመደበችልኝ ናት። አባዬ የሞተ ለት አልጋዬ ሥር መሬት ላይ ያደረችውም እሷ ናት። ረቂቁ የሚጀምረው በአባዬ ሞት ነው። ስሜ አለበት። "14 አባላት፣ 126 የበጎ አገልግሎት ሰዓት" ይላል። ከሥሩ ፎቶ አለ፤ እማዬ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ስታለቅስ፣ ልጆቹ ከበዋት።

ሆዴ ተላወሰ። ግን "እሺ፣ ጥሩ ነው" ብዬ መለስኩላት። እንዴት እምቢ እላለሁ? ያን ሁሉ ያደረጉልኝ እነሱ ናቸው። ካላስገባነው በእኔ ምክንያት ይሸነፋሉ። ካስገባነው የእማዬን ዓይን ማየት አልችልም። እሷ እስካሁን ምንም አታውቅም። ውለታ ቢስ ሆኜ ነው? ወይስ አበዛሁት?

ግራ የገባኝ፣ ከሜሪላንድ

ልጄ፣ ከሁሉ በፊት እግዚአብሔር ያጽናሽ፤ እናትሽንም ያጽናልሽ። የአባትሽን ነፍስ በአጸደ ገነት ያኑርልን።

ደብዳቤሽን ደግሜ አነበብኩት። ስለ ማመልከቻው፣ ስለ ፕሬዚዳንቷ፣ ስለ እናትሽ በዝርዝር ጽፈሻል። ስለ አባትሽ ግን "በድንገት አረፈ" ብለሽ ነው ያለፍሽው። ሙት ዓመቱ እንኳ ገና አልደረሰም። ስለ ጂፒኤና ስለ ሰዓት የሚያወራ ፋይል ስትከፍቺ፣ ማንም ሳያስጠነቅቅሽ፣ መሃሉ ላይ የቤታችሁን ሐዘን አገኘሽው። በዚህ ሆዷ የማይላወስ ልጅ የለችም። ስለዚህ "አበዛሁት ወይ?" ላልሽው መልሴ አጭር ነው፤ አላበዛሽም። ውለታ ቢስ ነኝ ወይ ላልሽው ግን ቆየት ብዬ እመለስበታለሁ። ዋናው ቋጠሮ እዚያ ይመስለኛል።

እስቲ መጀመሪያ በፕሬዚዳንቷ በኩል ቆመን እንየው። ይህች ልጅ አልጋሽ ሥር ያደረች ናት። ክፋት አስባ አይመስለኝም። ቻፕተሯ በዓመቱ ከሠራው ሁሉ ልቧን የነካውን መርጣ ነው ያስቀደመችው። ደግሞ አስቢው፣ እዚህ አገር ልጆች ገና ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ሲያመለክቱ የከበዳቸውን ቀን አሳምረው እንዲጽፉ ይለመዳሉ። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በሚቀበሉት የጋራ ማመልከቻ ላይ ታሪክሽን በ650 ቃል ጨርሺ ይባላል። አንቺም ሳትጽፊ አልቀረሽም። ለእሷ ሐዘንን ለማያውቁት ሰዎች መንገር ማክበር ነው። ለእናትሽ ደግሞ ሐዘን ቤት ለመጣ ሰው እንጂ ለዳኛ አይነገርም። "ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ" ሲባል እየሰማሽ ያደግሽ ልጅ፣ በጎ ሥራን በቁጥር እያስቀመጡ ሽልሙን ማለት ራሱ ሊከብድሽ ይችላል። አንቺ ሁለቱንም ታውቂያለሽ። የጨነቀሽም ለዚህ ነው።

ይህን ዓምድ ለሚያነቡ ወላጆች አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ፤ የዚህች ልጅ እናት የፈሩትን ብዙዎቻችሁ ትፈሩታላችሁና። በግሪክ ፊደላት የሚጠሩት እነዚህ የተማሪ ማኅበራት አገሪቱን በዕድሜ ያክላሉ። የመጀመሪያው ፋይ ቤታ ካፓ ነው፤ ቨርጂኒያ ውስጥ ዊልያም ኤንድ ሜሪ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1776 ተመሠረተ። ጥቁር ተማሪዎች ግን ነጮቹ ማኅበራት አያስገቧቸውም ነበር። ስለዚህ የራሳቸውን መሠረቱ። በ1906 ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጥቂት ጥቁር ወንዶች ለጥናትና ለመደጋገፍ ተሰብስበው አልፋ ፋይ አልፋ የሚባለውን ጀመሩ። በ1908 ሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አልፋ ካፓ አልፋ የመጀመሪያዋ የጥቁር ሴት ተማሪዎች ሶሮሪቲ ሆነች። በ1913 እዚያው የተመሠረተችው ዴልታ ሲግማ ቴታ ገና በወራት ዕድሜዋ ዋሽንግተን ላይ ለሴቶች የመምረጥ መብት ሰልፍ ወጣች። "ዘጠኙ" ከሚባሉት ታላላቅ የጥቁር ማኅበራት አምስቱ የተወለዱት ሐዋርድ ነው። ሐዋርድ ማለት ያው ጆርጂያ አቬኑ ላይ፣ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ስትመጡ የምታዩት ግቢ ነው። የእኛዎቹ እነ ዶክተር መላኩ በያን በ1930ዎቹ ሕክምና የተማሩበት።

ታዲያ እነዚህ ማኅበራት ሥራቸው እድር ነው ብል ብዙ አልሳሳትም። በሰው አገር፣ ሰው በበዛበት ብቻውን የቀረ ሰው የሚያቋቁመው ነገር ነው። መዋጮ አለው፣ ደንብ አለው፣ ቅጣት አለው፣ መቅረት ያስወቅሳል። 14ቱ ልጆች ሳይጠሩ መምጣታቸው ለዚህ አይገርመኝም። የእናትየዋ ፍርሃት ግን ከመሬት የተነሳ አልነበረም። አዲስ ገቢን ማሰቃየት እውነተኛ ችግር ነው፤ ሰው ሞቶበታል። በዲሴምበር 2024 የወጣው የፌዴራል ሕግ ዩኒቨርሲቲዎች በዚህ ጥፋት የተገኙ ማኅበራትን ለሕዝብ እንዲያሳውቁ ያስገድዳል። ልጃችሁ ልትገባ ስታስብ የዩኒቨርሲቲውን ይህን ሪፖርት አብራችሁ ክፈቱት። ከዚህ በላይ አልሄድበትም።

ወደ አንቺ ልመለስ። ማመልከቻውን እንደ ማመልከቻ እንየው እስቲ።

እንዲህ ያሉ ሽልማቶች ከግቢ ግቢ ቢለያዩም አጥንታቸው ተመሳሳይ ነው። የትምህርት ውጤት አለ፣ ለማኅበረሰብ የተሰጠ አገልግሎት አለ፣ ለበጎ አድራጎት የተሰበሰበ ገንዘብ አለ፣ የመሪዎች ሥልጠና አለ፣ የአባላት እርስ በርስ መደጋገፍ አለ፣ ከዲሲፕሊን ክስ ነጻ መሆን አለ። እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ነጥብ አለው። የሚያነቡት ማኅበራቱን የሚከታተለው የዩኒቨርሲቲው ጽሕፈት ቤት ሠራተኞች፣ መምህራን፣ አንዳንዴም የቀድሞ ተማሪዎች ናቸው። የተቆለለ ማመልከቻ ነው የሚያነቡት። ስለዚህ የሚፈልጉት ምን አሰባችሁ፣ ምን አደረጋችሁ፣ ምን ተለወጠ፣ ማስረጃው የታለ የሚለውን ነው። እንባ ነጥብ ያስገኛል ብሎ ማሰብ ዳኞቹን መናቅ ይሆናል።

126 ሰዓቱን በተመለከተ ከስሜትሽ ውጭ የሆነ ችግርም ይታየኛል። አገልግሎት የሚባለው በተለምዶ ከማኅበሩ ውጭ ላለ ሰው ወይም ድርጅት በነጻ የተሠራ ሥራ ነው። ምግብ ባንክ ሄዶ ሣጥን ማሸግ፣ ሕፃናትን ማስጠናት፣ ወንዝ ዳር ቆሻሻ መልቀም። የራሳችሁ እህት ቤት ሰሃን ማጠብ እህትነት ነው፤ እሱም ብዙ ጊዜ የራሱ ክፍል አለው። 14 ልጆችን በቀን በሦስት ሰዓት፣ ለሦስት ቀን አባዝታ ነው 126 ያገኘችው መሰለኝ። በለቅሶ ቤት ሰዓት የያዘ ሰው አለ? ዳኛ "ይህን ማን መዘገበው?" ቢል መልስ የላችሁም። አንድ ቁጥር ሲጠረጠር ደግሞ እውነተኞቹም አብረው ይጠረጠራሉ። ለጽሕፈት ቤቱ አጭር ኢሜይል ጻፊ፤ "ለአባሎቻችን ያደረግነው ድጋፍ በየትኛው ክፍል ይገባል?" ብለሽ። ስምም ታሪክም አያስፈልግም።

ግን አደራ፣ ከዚህ መልስ ጀርባ አትደበቂ። "ሰዓቱ አይቆጠርም ተብሏል" ብለሽ ብቻ ብታልፊ፣ ልጅቷ በቅንነት ታሪኩን ከአገልግሎት ክፍል አንስታ እህትነት ክፍል ውስጥ ትለጥፈዋለች። ፎቶውም አብሮ ይሄዳል። ያኔ ሁለተኛ "እሺ" ልትዪ ነው። የሚያምሽ የሰዓቱ ጉዳይ አይደለም።

እንግዲህ ወደ ውለታው።

ውለታ አለብሽ፤ አልክድም። አባት ለሞተባት ልጅ መሬት ላይ ያደረ ሰው የሚረሳ አይደለም። ግን ብድር በምድር የሚባለው በዓይነቱ ነው። ለቅሶ ለደረሰልሽ ለቅሶ ትደርሻለሽ። ሠርግ ሲሆን ትሠሪላቸዋለሽ፤ ሲታመሙ ትጠይቂያቸዋለሽ። የካቲት ላይ ለዚያች አያቷ ላረፉባት ልጅ ያደረጋችሁት ምን ነበር? መክፈል ጀምረሻል እኮ። ለቅሶ የደረሰ ሰው ግን የሐዘንተኛዋን ፎቶ ይዞ የመሄድ መብት አያገኝም። እነሱም ይህን ብለው አልመጡም። ጥቅምት ላይ ወንበር ሲሸከሙ ስለ ሽልማት ያሰበች አንዲትም አልነበረችም። ስለዚህ እምቢ ስትዪ የምትነኪው ያኔ ያደረጉትን ሳይሆን አሁን የተጻፈውን ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን ለይተሽ ብታዪ ደስ ይለኛል። ልጆቹ የሠሩት የልጆቹ ነው። "አንድ አባላችን ሐዘን ሲደርስባት ሳንጠራ ሄድን" ቢሉ እውነታቸውን ነው፤ ሊኮሩበትም ይገባል። የአባትሽ ሞት፣ የእናትሽ ፊት፣ የቤታችሁ ሳሎን ግን የእናንተ ነው። ያለ እናንተ ፈቃድ አይወጣም። እንዲያውም አንድ ነገር ልንገርሽ። ዩኒቨርሲቲ የተማሪን ውጤት ያለ ፈቃዷ ለሌላ ሰው እንዳይሰጥ የሚከለክል የፌዴራል ሕግ ከ1974 ጀምሮ አለ። ስለዚህ ነው ማመልከቻው ላይ የአባላት አማካይ እንጂ "እገሊት ይህን አመጣች" ተብሎ የማይጻፈው። ለቢ ፕላስ ይህን ያህል መጠንቀቅ ካለ፣ ለእናት እንባ ቢያንስ "ይቻላል?" ብሎ መጠየቅ ይበዛል?

አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። የሽልማቱ ምሽት ደርሶ፣ አሸንፋችሁ፣ መድረክ መሪው ከማመልከቻው ጥቂት መስመር እያነበበ፣ ፎቶው በትልቁ ሰሌዳ ላይ ቢወጣ ምን ይሰማሻል? ምሳ ስትበዪም ሆነ አውቶቡስ ላይ ሆነሽ አስቢው። ኩራት ከተሰማሽ አንድ ነገር ነው። ከአዳራሹ መውጣት ካማረሽ ሌላ ነው። ምናልባት ያለ ፎቶና ያለ ስም ቢሆን ይቀለኝ ነበር ትዪ ይሆናል። ሦስቱም ትክክል ናቸው፤ ግን የትኛው እንደሆነ ሳታውቂ ከልጅቷ ጋር ንግግር አትጀምሪ።

ካወቅሽ በኋላ ብቻዋን አግኛት። በስብሰባ ላይ አይሁን፤ በቴክስትም አይሁን። ስብሰባ ላይ ካነሳሽው ልጆቹ ሁሉ "ውይ ይቅርታ" እያሉ ሊከቡሽ ነው፣ እሷም ሰው ፊት ታፍራለች። በቴክስት ከሆነ ደግሞ ሁለት ቀን ሙሉ "ምን ማለቷ ነው?" ስትል ትከርማለች። ቡና ጋብዣት። የምታወሩት በእንግሊዝኛ ስለሆነ ቃሉን አንቺ ታውቂበታለሽ፤ ሐሳቡ ግን እንዲህ ቢሆን፦

"ረቂቁን ሳይ እሺ ያልኩሽ ደንግጬ ነው። ያኔ ያደረጋችሁልኝን በሕይወቴ አልረሳውም፤ እናቴም አትረሳውም። ግን የአባቴ ሞትና የእናቴ ፎቶ ማመልከቻ ውስጥ እንዲገባ አልፈልግም። ገና አልቻልኩትም። በእሱ ቦታ የምናስገባው ሐሳብ አለኝ።"

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ቀላል አይደለችም። ባዶ እጅሽን ሄደሽ "አውጪው" ብትያት፣ ልጅቷ የሚታያት የማመልከቻዋ ዋና ገጽ ተቀዶ ነው። ሌላ ነገር ይዘሽ ከሄድሽ አብራችሁ ትሠራላችሁ። ሐሳቡን ደግሞ ከእኔ መጠበቅ የለብሽም፤ ደብዳቤሽ ውስጥ አለ። የካቲት ላይ "ማን ምግብ እንደሚወስድላት፣ ማን ለአስተማሪዎቿ እንደሚጽፍ ወዲያው ተከፋፈልን" ብለሻል። ይቺን መስመር ስታልፊያት ገርሞኛል። ጥቅምት ላይ ልጆቹ በልባቸው መጡ። የካቲት ላይ ግን አሠራር ነበራቸው። በአራት ወር ውስጥ አንድ ቻፕተር ከመሯሯጥ ወደ መደራጀት ከሄደ፣ ዳኛ የሚፈልገው ይሄንን ነው።

ሲጻፍ ምን ሊመስል እንደሚችል ላሳይሽ፦

"በዚህ የትምህርት ዓመት ከአባሎቻችን መካከል ቤተሰባቸውን በሞት ያጡ ነበሩ። መጀመሪያ ላይ ልባችን እንዳለን ነበር የደረስንላቸው። ያኔ የጎደለንን ተነጋግረን ሐዘን ሲደርስ ማን ምግብ እንደሚያዘጋጅ፣ ማን መኪና እንደሚነዳ፣ ማን ማስታወሻ እንደሚይዝና ለመምህራን እንደሚጽፍ ተራ አወጣን። ለሁለተኛ ጊዜ ሐዘን ሲገጥመን ሥራውን ወዲያው ተከፋፈልን።"

ስም የለም፣ ፎቶ የለም፣ ቁጥር የለም። ግን ሙሉ ነው። ተራው ቃል በቃል ተነጋግራችሁ የወጣ ካልሆነ እንደሆነው አስተካክለሽ ጻፊው። እስካሁን በጽሑፍ ካልሰፈረ ደግሞ በሚቀጥለው ስብሰባ አንድ ገጽ ጻፉና አጽድቁት፤ ከሽልማቱም ባለፈ ለሚቀጥለው ዓመት ልጆች ይጠቅማል። ማስረጃ ሆኖ የሚያያዘው ያ ገጽ ይሆናል። ብቻ ያቺንም ልጅ፣ አያቷ ያረፉባትን፣ አስቀድማችሁ ጠይቋት። አንቺ ሳትጠየቂ የተሰማሽን ታውቂዋለሽ።

ልጅቷ እንዴት ትመልስ ይሆን? እኔ እንደምገምተው ፊቷ ይቀላል፣ "ለምን አልነገርሽኝም?" ትላለች፣ ያልቃል። ትንሽ ብትከፋም አይግረምሽ፤ በጣም የደከመችበት ነገር ነው። ጊዜ ስጫት። "ግን እኮ ያለሱ አናሸንፍም" ብትልሽ፣ መደጋገፉ ከብዙ ክፍሎች አንዱ መሆኑን፣ አምና ያመለጣችሁ በየትኛው ክፍል እንደነበር ጠይቂያት። አምና የተሰጣችሁ አስተያየት ካለ ጽሕፈት ቤቱን ጠይቃችሁ አብራችሁ እዩት። አምና ያጎደላችሁት ትምህርት ወይም አገልግሎት ከነበረ፣ የአባትሽ ሞት ቢገባም አይሞላውም። እንደዚያም ሆኖ አሻፈረኝ ካለች የቻፕተሩን አማካሪ አነጋግሪ። ግን እዚያ የምትደርሱ አይመስለኝም፤ ከአማካሪዋ እንዳትጀምሪ።

እናትሽን በተመለከተ፣ ሁሉንም ነገር ቆርጠሽ "አይገባም" ካልሽ የግድ ልትነግሪያት አይገባም። ፎቶው ከፎልደሩ ይውጣ እንጂ እሷን ማሳዘን አያስፈልግም። የቤታችሁ ነገር በማንኛውም መልክ እንዲገባ ካሰብሽ ግን መጠየቅ አለባት፤ ባሏ ነው። ስትጠይቂያት ደግሞ "እማዬ፣ ልጆቹ ስለ አባዬ ሊጽፉ ነው፣ ይጻፉ?" አትበያት። በይሉኝታ "ምን ቸገረኝ፣ ልጆቼ አይደሉ" ትልሽና ማታ ብቻዋን ትቆዝማለች። የሚጻፈውን አንብቢላት፣ በአማርኛ። ማን እንደሚያነበው ንገሪያት። ዝም ካለች መልስ እንዳይመስልሽ፤ በማግስቱ ደግመሽ ጠይቂያት። ልታስገርምሽም ትችላለች። "እንዴ፣ ይንገሩ እንጂ! የሰው ልጆች እንዲህ አድርገውልኛል" ብላ በኩራት ልትናገር ትችላለች። እሷ ብትፈቅድ እንኳ አንቺ ካልቻልሽ አልቻልሽም። ሁለታችሁም እሺ ካላላችሁ አይገባም ብለሽ ለራስሽ ወስኚ።

ደግሞ አንቺ ራስሽ። ጽሑፍ ትችያለሽና ጸሐፊ አደረጉሽ፤ ተማሪ ነሽ፤ የእናትሽ ማረፊያ ነሽ። አንቺን ማን ያስተዛዝንሻል? ታላቅ እህትሽ ያቺ ልጅ ነበረች፤ አሁን ስለ እሷ ጨንቆሽ ለእኔ ትጽፊያለሽ። ዩኒቨርሲቲዎች ብዙውን ጊዜ ለተማሪዎቻቸው የምክር አገልግሎት አላቸው፤ ስለ ሐዘን ለማውራት መታመም አያስፈልግም። ንስሐ አባት ካለሽም እሳቸውን አግኚያቸው፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ስለ አባትሽ ከአንድ መስመር በላይ የምታወሪበት ቦታ ፈልጊ። ማመልከቻው ያ ቦታ አይደለም።

ሥራውንም ተከፋፈሉት። ሦስት ሳምንት ለአንድ ሰው ያንሳል፣ ለአራት ሰው ይበቃል። ስለ መደጋገፍ የሚለውን ክፍል ሌላ ልጅ ትጻፈው፤ አንቺ ጨርሶ አትንኪው፤ ሲያልቅ ብቻ አንብቢና "ይሁን" ወይም "አይሁን" በይ። አንቺ የትምህርቱንና የአገልግሎቱን ክፍል ያዢ። የአገልግሎት ሰዓቱን ከመዝገባችሁ ጋር አመሳክሪ፣ የተሰበሰበውን ገንዘብ ከደረሰኙ ጋር አገናኚ። ፎቶውን ግን ቡናውንም ቀጠሮውንም ሳትጠብቂ ዛሬውኑ ከጋራ ፎልደሩ አውጪው፤ ለልጅቷም "ፎቶውን አንስቼዋለሁ፣ ስንገናኝ እነግርሻለሁ" የምትል አንድ መስመር ብቻ ላኪላት፤ ዋናው ንግግር ግን ፊት ለፊት ይሁን። የቻፕተሩን አማካይ ጂፒኤ የሚያረጋግጠው ጽሕፈት ቤቱ ከሆነ ደግሞ ጥያቄሽን ሰኞ ጠዋት ላኪ፤ የማመልከቻ ሰሞን ሁሉም ማኅበር ያንኑ ወረቀት ስለሚጠይቅ መልስ ይዘገያል።